ከበሩ ኋላ የቆመው ጥላ

ጥላው ሳሎናችን በር ኋላ ከቆመ ወር አልፎታል። ቀይ ከፈይ ነው፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ አለው፤ ላስቲኩ ገና አልወለቀም። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣለች። ያኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ «ጊዮርጊስዬ፣ ሁለቱንም በሰላም ገላግልልኝ፣ ጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። በሰላም ተገላገለች። ልጁ ይኸው ሰባት ወር ሆኖታል፤ መቀመጥ ጀምሯል። ስለቱን በዓመታዊው በዓል፣ ሚያዝያ 23 ላስገባ አስቤ ጥላውን አስቀድሜ ገዛሁ። ቀኑ ደረሰ፤ አላስገባሁትም። ዛሬ የምጽፈው ለምን እንዳላስገባሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በትልቋ ልጄ ጥቅስ ነው። 11 ዓመቷ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በቃል የሚጠና ተሰጥቷት፣ እራት ከተበላ በኋላ እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ እሷ ፊቴ ቆማ ትወጣዋለች። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 23። «እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ...»

አቋረጥኳት። «ተሳሳትሽ። አንተ በወንድምህ ላይ አንዳች እንዳለህ ብታስብ ነው የሚለው።»

«አይደለም አባዬ።»

«ነው እንጂ፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሄዳ መጽሐፉን አመጣች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አስነበበችኝ። ልክ እሷ ነበረች።

ይህን ጥቅስ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ጽዋ ማኅበራችን ላይ ተራዬ ደርሶ አንብቤ አስረድቼበታለሁ። እኔ የገባኝ ግን ሁልጊዜ «ቂም ይዘህ ወደ መቅደስ አትቅረብ» ሆኖ ነው። ስለዚህ በዓል ሲመጣ፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ ልቤን እፈትሻለሁ። ማንን አኩርፌአለሁ? ማን ላይ ቂም አለኝ? ብዙ ጊዜ ማንም አይገኝም። ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ቂም አይዘኝም። ይህንን እንደ ትልቅ ጸጋ ነበር የማየው።

ጥቅሱ ግን የሚጠይቀኝ የኔን ልብ አይደለም፤ የወንድሜን ነው። እኔ የረሳሁት፣ እሱ ያልረሳው ሰው ማነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር ራሴን የማገኘው በተወጋው ቦታ ነበር። አንድም ቀን በወጋው ቦታ ቆሜ አልሰማሁትም።

ልጄ ጥቅሷን ጨርሳ ተኛች። እኔ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ያኔ ነው ሁለቱ የተገለበጡ ኪሶች ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት።

ስልኩ

2011 ዓ.ም. ነው፣ ጥቅምት። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። ሸራ ወጥራ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር ደርድራ፣ ጠዋት በታንኳ የመጣላትን ቆሮሶ እዚያው ታዘጋጀዋለች። ቢላዋዋ ከመሞረድ ብዛት ቀጥኖ ጣት አክሎ ነበር። በግራ እጇ ጭራውን ትይዛለች፣ ከጭራው ወደ ራሱ ሦስት አራት ጊዜ ትፍቀዋለች፤ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዷ ላይ ይለጠፍና ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ብልጭ ይላል። አንጀቱን ወደ ውኃው ትወረውረዋለች። ፔሊካኖቹ ሰዓቷን ያውቁ ነበር፤ ቀድመው መጥተው ይጠብቋታል።

አንድ ልጅ ያግዛት ነበር። የእህቷ ልጅ ነው፤ 14 ዓመት ቢሆነው ነው። ሰው ያስታጥባል፣ ዳጣ ያቀርባል፣ ሳህን ያነሣል።

አንድ ቀን ምሳዬን በልቼ ልነሣ ስል ስልኬ የለም። ጠረጴዛው ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ተደወለ፤ ዝግ ነው። ሳህኑን ያነሣው ደግሞ ልጁ ነው። «አጥፍቶታል» አልኩ። «አንተ ሌባ፣ አምጣ!» ብዬ ጮህኩበት። አራት ሰው ነበር፤ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች፣ አጠገቡ ቡና የምታፈላው ልጅና ዓሣውን በታንኳ የሚያመጡት ሽማግሌ። ሁሉም ዞረው አዩት። የሱሪው ኪሶች ተገልብጠው፣ ሁለቱም ነጫጭ ሆነው ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ቆመ። አላለቀሰም። «ጋሼ፣ እኔ አልወሰድኩም» አለ፣ አንዴ ብቻ። እታለም «የኔ ልጅ ሌባ አይደለም» አለች። እኔ የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ተናድጄ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን ጃኬቴ ውስጥ አገኘሁት። የውስጥ ኪሱ ተቀዶ ኖሮ፣ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቷል። ባትሪው አልቋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስታ ብቻ ነው የተሰማኝ። ቆይቼ «ስሄድ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በሳምንቱ ሄድኩ። ልጁ የለም። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። እታለም ዓሣዬን አቀረበችልኝ፤ በላሁ፣ ከፈልኩ፣ 20 ብር ጉርሻ ጨመርኩላት። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«እንግዲህ» የምትለዋ ቃል

በዚያች ሌሊት ምዕራፉን ከፍ ብዬ ጀምሬ አነበብኩት። ቁጥር 23 የሚጀምረው «እንግዲህ» ብሎ ነው። እንግዲህ የሚል ሰው ከበፊቱ የተናገረው ነገር አለ። ከበፊቱ ያለው ደግሞ ስለ ቂም አይደለም፤ ስለ አፍ ነው። አትግደል ተብሏል ይልና ቁጣን ጠቅሶ ወደ ቃል ይወርዳል፤ ወንድሙን ጨርቃም የሚለው የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል፣ ደንቆሮ የሚለውም የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል ይላል። ከዚያ ነው «እንግዲህ መባህን...» የሚለው። መሠዊያው ፊት ሊታወሰኝ የሚገባው ሰው እንግዲህ በአፌ የገደልኩት ሰው ነው። ጨርቃም ይህን ያህል ካስጠየቀ፣ በሰው መሐል ለአንድ ልጅ ሌባ ማለት ምን ያህል ያስጠይቃል?

ሌላም ነገር አለ፤ መንገዱ። ጌታችን ይህን የተናገረው ገሊላ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ነው። መሥዋዕት የሚቀርብበት መሠዊያ ያለው ግን ኢየሩሳሌም ነው። ከገሊላ ኢየሩሳሌም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእግር ሦስት ቀን ያህል ያስኬዳል። የሚሰሙት ገሊላውያን ይህን መንገድ በእግራቸው ያውቁታል። እስቲ አስቡት። ሦስት ቀን ተጉዘህ፣ መሥዋዕትህን ይዘህ፣ ካህኑ ፊት ደርሰህ፣ አገር ቤት የተውከው ሰው ትዝ ይልሃል። ተወው፣ ተመለስ፣ ታረቅ፣ ከዚያ እንደገና ና ነው የሚልህ። ከባሕር ዳር ጎንደር በእግሩ ሄዶ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርስ «ተመለስ» እንደተባለ ሰው ማለት ነው። እኔ ከቤቴ ጊዮርጊስ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ልጁን ለመፈለግ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እርምጃ አልሄድኩም።

መዝሙር 50ን ሁሌም እደግማለሁ። «አንተን ብቻ በደልሁ» ስል እንባዬ ይመጣል። አሁን ሳስበው፣ ያቺ «ብቻ» የምትለዋ ቃል መደበቂያዬ ሆና ኖራለች። ዳዊት የጮኸበትን ጩኸት ልነቅፍ አይደለም፤ በደል ሁሉ መጨረሻው እግዚአብሔር ፊት ነው። እኔ ግን እግዚአብሔርን ብቻ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሰውየውን ዘልዬ ለማለፍ ተጠቅሜባታለሁ።

የዚያን ሳምንት እሑድ ቅዳሴ ቆሜአለሁ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ሁሉም እንደ ወትሮው እርስ በርሱ እጅ ተነሣሣ። እኔም ወደ ቀኝ ጎንበስ አልኩ፣ ወደ ግራ ጎንበስ አልኩ። በቀኜም በግራዬም የቆሙት ምንም ያላደረግኳቸው ሰዎች ናቸው። አልቻልኩም፤ ቅዳሴው እንዳለቀ የንስሐ አባቴን ፈለግኳቸው።

ስሄድ የፈለግኩት ቀኖና ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾምና ስግደት የለም፤ ሃምሳው ሲወጣ ይህን ያህል ትሰግዳለህ እንዲሉኝና እንዲቀለኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጁ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ መሰለኝ አባ።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷም አለች ይመስለኛል።»

«ታዲያ መጀመሪያ እኔ ጋ ምን አመጣህ ልጄ? ሂድና ና።»

መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። ሂድና ና። «መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ በኋላም መጥተህ አቅርብ» የሚለው የጥቅሱ ቀሪ ክፍል ይኸው ነው።

እታለም

ሐይቁ ዳር ከተሠራ ወዲህ የእታለም ቦታ እዚያ የለም። ጠይቄ ጠይቄ ዓባይ ማዶ መሆኗን ሰማሁ። ባጃጅ ይዤ በአዲሱ ድልድይ ተሻገርኩ። 380 ሜትር ነው፤ ሌላ ጊዜ ሳላውቀው ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን ሾፌሩን «ቀስ በል» አልኩት። ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር።

አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ ሳፋ አለ፣ ዓሣ ትፍቃለች። ጸጉሯ ሸብቷል። ቢላዋው ሌላ ነው፤ እጇ ያው ነው።

«ደህና ዋልሽ እታለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቆይታ «ደህና ነኝ ወንድምዓለም፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ዱካ አለ፤ አልተቀመጥኩም።

«የዛሬ ስድስት ዓመት ስልክ ጠፋብኝ ብዬ...»

«አስታውሳለሁ» አለች ሳታስጨርሰኝ።

«ተገኝቶ ነበር። ጃኬቴ ገበር ውስጥ ነው የነበረው። ልጁ አልወሰደም።»

መፋቋን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ።»

አልገባኝም። ዓሣውን ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችውና በክንዷ ግንባሯን ጠረገች። «በሳምንቱ መጥተህ ስትበላ ያንኑ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀመጥከውም? መስተዋቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀውን። ሳህኑን ሳቀርብልህ አይቼዋለሁ። አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅኩህ። በልተህ ሄድክ።»

እዚህ ላይ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እመለሳለሁ። እኔ ነገሩ በልቤ የተዘጋበት ያ ምሳ፣ ለእሷ የተከፈተበት ምሳ ነው። እኔ ዓሣ ስበላ እሷ ምድጃው ጋ ቆማ አፌን ታያለች። ስልኩ በመሐላችን ነው። ምናልባት ተደውሎልኝ አንስቼም አውርቼበት ይሆናል። ከዚያ 20 ብር ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። ምን ብላ ነው የተቀበለችኝ? ቂም አይዘኝም እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቂም ያልያዘኝ እኮ የሚያስይዘኝ ስላልነበረ ነው። የሚያስይዘው እነሱ ጋ ነው የነበረው።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?» የሚል ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተመስገን፣ አላልኳትም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

«ለእኔስ ግድ የለም፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ» አለች። «ልጁ ግን በማግስቱ ነው ጥሎኝ የሄደው። ሌባ በተባልኩበት ቦታ አልቆምም ብሎ። እናቱ ጋ ነው፣ ዘጌ። ለእሱ ንገረው።»

ዓሣዋን አነሣች። ቡና ጠጣ አላለችኝም። አገራችን ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጥርኝ ውኃ

በቀጣዩ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ልጁ ከወደቡ እስኪመጣ እንድጠብቅ ስለተነገረኝ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ወጥቼ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምኩ። ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች መሐል ሁሌም የምቆምበት የበላኤ ሰብእ ሥዕል ነው። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ሲደፋለት። ይህን ሥዕል ስወደው የኖርኩት እኔም የማቀርባት ትንሽ ነገር ሚዛኔን ትደፋልኛለች ብዬ ነው። ጥላዬም ጥርኝ ውኃዬ ነበረች። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ውኃው የተሰጠው ለመቅደስ አይደለም። ፊቱ ለቆመ፣ ጉሮሮው ለደረቀ ሰው ነው።

ልጁ መጣ። ልጅ ማለት ከበደኝ፤ ከእኔ ረዝሟል፣ ጢሙ ወጥቷል፣ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። አወቀኝ። ሲያየኝ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቆመን ሁሉንም ነገርኩት፤ ገበሩን፣ ሦስተኛውን ቀን፣ በሳምንቱ የበላሁትን ምሳ፣ ስድስቱን ዓመት። አንዳች ሰበብ ላለመጨመር ታገልኩ።

ዝም ብሎ ሐይቁን ሲያይ ቆየና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። ከመልቀቁ በፊት ግን እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ሌባ ያልከኝ በሰው ፊት ነው። ይቅርታ የምትለኝ ግን ለብቻችን ነው።»

አልተቆጣም። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ስመለስ ጀልባው ላይ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ ዘኬዎስ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ቆሞ ነው፤ ሰው ሁሉ እያጉረመረመበት፣ በአደባባይ። በሐሰት ከስሼ! ገንዘብ ቢሆን አራት እጥፉ ይታወቃል፤ በኦሪትም ለተሰረቀ አንድ በግ አራት በግ ይከፈላል። የተነገረ ቃል ግን በአራት እጥፍ እንዴት ይመለሳል? ያሰብኩት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ያን ቀን የሰሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጌ መንገር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በልጁ ፈቃድ፣ ለዚያው ነው።

ከሾፌሮቹ አንዱን እዚሁ ከተማ አገኘሁት። «እኔማ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ቢረሳም ነገርኩት።

ታንኳ ቀዛፊው ሽማግሌ አርፈዋል። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል አሉኝ። ያን ልጅ ሌባ ነው ብለው እያሰቡ ነው የሄዱት፤ ይህን የሚያስተካክል ማንም የለም። «አብረኸው በመንገድ ሳለህ ከባላጋራህ ጋር ፈጥነህ ተስማማ» የሚለው እዚያው፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ቁጥር 25 ላይ ነው። ፈጥነህ የሚለውን አይቼው አላውቅም ነበር።

ቡና የምታፈላው ልጅ አሁን መናኸሪያው አካባቢ የራሷን ቤት ከፍታለች። ስነግራት ጀበናዋን አስቀመጠች። «ኪሱን የገለበጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔ ራሱ የገለበጠው ይመስለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በአእምሮዬ የያዝኩት እንደዚያ ነው፤ ለካ እሷ ናት ቀርባ፣ እጇን ከታ፣ በሰው ፊት የፈተሸችው። «መገኘቱን ማንም አልነገረኝም» አለች። «ለሰው ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።» ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀችኝ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለትና ልስጣት ወይ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ስጣት» አለ።

የቀረው ሁለተኛው ሾፌር ነው። ደብረ ታቦር ገብቷል ይላሉ፤ ቁጥሩን እያፈላለግኩ ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትወጣ በሩን ስትከፍት ጥላውን በትከሻዋ ትነካዋለች። ትናንት «አባዬ፣ መቼ ነው የምናስገባው?» አለችኝ።

«አንድ ሰው ቀርቶኛል» አልኳት።